ትኩሳት የያዘው ግድግዳ

ኤልዳና ሻጋታውን ያየችው ቅዳሜ ጠዋት፣ ከሶፋው ኋላ የገባ ጉትቻዋን ስትፈልግ ነው። በሳሎኑ ጥግ፣ ከወለሉ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር አረንጓዴ ነገር ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ዳር ዳሩ ጸጉር አብቅሏል። ጉትቻውን ረስታ፣ በርከክ እንዳለች አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ያዘችው ደንግጣ ብቻ አልነበረም፤ ጣሪያው ላይ ያለው አሽታች የሚባለው እርጥበት ጠባቂ መሣሪያ የሰው ጩኸት ሲሰማ «ምን ተገኘ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው።

ዝናብ ሚያዝያ ላይ ገብቶ ጥር ላይ የሚወጣበት ዘመን ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ወጣቶች ክረምት የሚባል ነገር አያውቁም። የሚያውቁት «ብራ» የሚባለውን አጭር ዕረፍት ነው፤ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ፍራሽ ሁሉ ሰገነት ላይ ይወጣል፣ ፍርድ ቤት ሳይቀር በረንዳ ላይ ያስችላል። ዘነበ ወይም ዘነበች የሚባል ልጅ ከተወለደ ቆይቷል። ኤልዳናም አንዲት ልጇን ብራነሽ ብላታለች።

ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ «ደረቅ ነን?» ይባባላሉ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደረቅ ነን» ነው መልሱ፤ ጫማው ውሃ የቋጠረም እንደዚያው ይመልሳል። ሻጋታ የተገኘበት ቤት ይታሸጋል። በሩ ላይ ቀይ ፕላስተር በመስቀለኛ ይለጠፋል፤ ቤተሰቡም ግድግዳው እስኪደርቅ ድረስ ከነልብሱ ወደ ማድረቂያ ጣቢያ ይሄዳል። ከጣቢያው ሰው ይመለሳል። ስሙ ግን አይመለስም። ድሮ ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ ሰባት ቤት ይቆጥር ነበር አሉ። አሁን ዘር የሚጠይቅ የለም፤ «ግድግዳቸው እንዴት ነው?» ነው የሚባለው።

የብራነሽ ሽማግሌዎች የሚመጡት ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር።

«ናቲ» አለች ኤልዳና በሹክሹክታ። «ና እስቲ። ድምፅህን ሳታሰማ።»

ባሏ ናታን ድምፁን ሳያሰማ መምጣት ከተፈጥሮው ውጭ ነው። ዕድሜውን ሙሉ በሬዲዮ የእግር ኳስ ጨዋታ ሲያስተላልፍ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ቤት ከዋለ ወዲህ የሚያስተላልፈው ጨዋታ ስላጣ የቤቱን ውሎ ያስተላልፋል። አሽታቹም በየጊዜው «የዛሬው ንግግርዎ በዝቷል፤ ትንፋሽዎ ክፍሉን እያረጠበ ነው» ይለዋል። ናታን መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ አየ።

«ኤልዱ፣ ይሄ እኮ ሻ...»

«እንዳትጠራው!»

መጀመሪያ የሞከሩት በረኪና ነው። ኤልዳና በጨርቅ ነክራ ፈተገችው። ጥቁሩ ገረጣ። እነሱም ሊተነፍሱ ሲሉ ከጣሪያው ላይ ያ ጨዋ ድምፅ መጣ።

«በረኪና ሸቶኛል። ምን እየጸዳ ነው?»

«ካልሲ!» አለ ናታን።

«የማን ካልሲ?»

«የእኔ።»

አሽታቹ «ይገባኛል» አለና ተወው።

ሻጋታው በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ናታን ቀለም ገዝቶ፣ ሶፋውን ስቦ፣ እያፏጨ ቀባው። ግድግዳው የሙሽራ ቤት መሰለ። ሳምንት ሳይሞላው ግን ጥቁሩ በነጩ ቀለም ውስጥ ሰርስሮ ወጣ፤ ያውም ትሪ አክሎ።

«ከግራ መስመር ተነስቷል» አለ ናታን፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። «ሶፋውን አለፈ። ወደ መስኮቱ እየገሰገሰ ነው። ተከላካይ የለም...»

«ናታን!»

በመጨረሻ ቡፌውን ገፍተው ከግድግዳው ጋር አጣበቁት። ለሁለት ቀን ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ኤልዳና ለእንግዶቹ ብርጭቆ ልታወጣ ቡፌውን ስትከፍት፣ እርጥብ ጆንያ የመሰለ ሽታ ፊቷን መታት። የቡፌው ጀርባ አብጦ ጸጉር አብቅሏል። የሠርግ ስጦታ የነበሩት ብርጭቆዎች ጉም ለብሰዋል።

ያን ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጠችና አሰበች። ኤልዳና ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ነርስ ነበረች። ቁስልን ሳያጥቡ በፋሻ የሸፈኑ ሰዎች ምን እንደሚሆኑ ታውቃለች። እሷ ራሷ በገዛ ግድግዳዋ ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ተነስታ ቡፌውን ሳበች። ሳሙና በውሃ በጥብጣ በብሩሽ አጠበችው፤ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችው፤ ማራገቢያ አዞረችበት። ከሰዓት በኋላ ደርቆ እንደሆነ ለማየት መዳፏን አሳረፈችበት።

እጇን አላነሳችም። የእጇን ጀርባ አዙራ አስነካችው፤ የልጅ ግንባር እንደሚነካው።

«ናቲ፣ ግድግዳው አተኩሶታል።»

ናታን ከወጥ ቤት ብቅ አለ። «ግድግዳ አያተኩሰውም።»

«እጅህን አምጣ።»

አመጣ። ቶሎ መለሰው። «ወባ ይሆን?»

ኤልዳና ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋለች። ከወዲያ በኩል ቡልቅ ቡልቅ የሚል የውሃ ድምፅ ይሰማል። ከውሃው ጋር አንድ ወንድ የፍቅር ዘፈን ያንጎራጉራል። ተራዋን ለናታን ለቀቀችለት። ሰማ። ዞር ብሎ አያት። ሁለቱም ከግድግዳው ወዲያ ያለው ቤት የማን እንደሆነ ያውቃሉ።

የጋሽ ኬብሮን ነው።

ጋሽ ኬብሮን የሕንፃው የድርቀት ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። ኮሚቴው ይህን ስም ሲያወጣ የሳቀ ሰው ነበር ይባላል፤ አሁን የሚስቅ የለም። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጃንጥላቸው እንኳ የማያንጠባጥብ ሰው ናቸው። «ደረቅ ሰው» መባል ስድብ የነበረበትን ዘመን ቢያውቁትም፣ አሁን ሲባሉ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። በየኮሪደሩ እየዞሩ የበር ጉበን በጣታቸው ይዳስሳሉ። የገዛ እህታቸውን ቤት አሽገው ቁልፉን ለእናታቸው አስረክበዋል። ሙቅ ውሃ ቤት ውስጥ ማፍላት ክልክል ነው፤ ገላ የሚታጠበው ምድር ቤት ባለው የጋራ መታጠቢያ በሳምንት አንዴ ነው። ይህን የሚያስፈጽሙትም እሳቸው ናቸው።

የብራነሽ እጮኛ ፀሐዩ ደግሞ የእሳቸው ልጅ ነው።

«ያዝነው!» አለ ናታን ድምፁን አፍኖ። «ሰብሳቢው ራሱ! አሁኑኑ ለአሽታቹ ብነግረው...»

«ንገረው» አለች ኤልዳና። «ሁለቱም ቤት ይታሸጋል። ከዚያ ልጅህን ለማን እንደምትድራት ደግሞ እሱኑ ጠይቀው።»

ዝም ቢሉስ? ዝም ቢሉም መከራው ያው ነው። እንግዳ ሲበዛ ትንፋሽ ስለሚበዛ፣ ሽማግሌ የሚቀበል ቤት በኮሚቴው መታየት አለበት። ሐሙስ ዕለት ቤቱን ሊያዩ የሚመጡት ጋሽ ኬብሮን ናቸው። ሻጋታውን ያገኛሉ። ያሽጋሉ። እህታቸውን ያልማሩ ሰው ለነገ ዘመዳቸው አይራሩም።

ማምሻውን ብራነሽ ከምትሠራበት የልብስ ማድረቂያ ቤት ስትመለስ ቡፌው ሳሎኑ መሃል ቆሟል፤ ወላጆቿም ከግድግዳው ሥር እንደ ተከሳሽ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሻጋታውን አየች። ከዚያ እነሱን አየች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ቆየት ብሏል» አለች እናቷ። «ይልቅ ግድግዳውን ንኪው።»

ነካችው። ዘፈኑን ነገሯት። ብራነሽ ግራ በመጋባት ፊቷን አኮሳተረች። «አይሆንም። በዚያ በኩል ያለው እኮ ዕቃ ቤታቸው ነው። ጋሽ ኬብሮን እዚያ ሲገቡ ጸሎት ላይ ናቸው ነው የሚባለው። ፀሐዩ እንዲያውም በዚያ ሰዓት ድምፅ አያሰማም፤ ጫማውን አውልቆ ነው የሚያልፈው።»

«የፍቅር ዘፈን ነው የሚጸልዩት?» አለ ናታን።

በማግስቱ ጋሽ ኬብሮን ኮሪደር ሲዞሩ ጠብቃ ኤልዳና የጎረቤቷን በር አንኳኳች። የጋሽ ኬብሮን ባለቤት ሶልያና ከፈተችላት። ሁለቱ ሴቶች ስኳር እየተበዳደሩ ያረጁ ናቸው። ኤልዳና ነገሩን በዙሪያው ልታስኬደው ሞከረች።

«ሶሊ፣ ባለቤትሽ ጸሎት ያበዛሉ አሉ።»

ሶልያና ትኩር ብላ አየቻት። ከዚያ ክንዷን ይዛ ወደ ውስጥ ሳበቻት፣ በሩን ዘጋች፣ በሩ ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እንባውን ቶሎ በሻርፗ ጠረገችው፤ እርጥበት ነው።

«እስከ ዛሬ የምነግረው ሰው አጥቼ ልፈነዳ ነበር» አለች። «ነይ እይው ጸሎቱን።»

ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሰው የሚያስቀምጥ የላስቲክ በርሜል ከግድግዳው ጋር ተጠግቶ ቆሟል። የውሃ ማፍያ ተንጠልጥሎበታል። በርሜሉ ውስጥ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይንሳፈፋል። ጣሪያው ላይ ያለው አሽታች ወፍራም የሱፍ ካልሲ ለብሷል።

«ካልሲ ያለብሱታል?»

«ሲገባ ያለብሰዋል፣ ሲወጣ ያወልቅለታል። ዛሬ ረስቶት ነው የወጣው» አለች ሶልያና። «ጎረቤት ይሸተዋል ብዬ ስሳቀቅ ነው የኖርኩት።»

«እኛ ቤት በረኪና ነበር የሚሸተው» አለች ኤልዳና፤ ከዚያም የግድግዳውን ነገር ሁሉ ነገረቻት። ሶልያና ሳቋን አቆመች። ልጁ የእሷም ልጅ ነው።

«ፊት ለፊት አጥፍተሃል ብትይው ሕጉን ከላይ እስከ ታች ያነብልሻል» አለች ቆይታ። «እሱ በራሱ እጅ ያልነካውን አያምንም። ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ኬብሮን ስስ ጓንታቸውን አጥልቀው መጡ። በሩ ላይ የጫማቸውን ሶል በጨርቅ ወለወሉ።

«ደረቅ ነን?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለች ኤልዳና። «ደረቅ ነን» ግን አላለችም። እሳቸው ይህን ልብ ሳይሉ ወደ ወጥ ቤት ገቡ። ድስቶቹን ከፍተው ክዳናቸውን አዩ። መታጠቢያ ቤቱን አዩ። የመጋረጃውን ጫፍ በሁለት ጣታቸው አሹት። ብራነሽ ቀለሟ ጠፍቶ በየክፍሉ ትከተላቸዋለች። ናታን ምንም ቃል እንዳይተነፍስ ስለታዘዘ ጉንጩን ነፍቶ ሶፋው ላይ ተቀምጧል።

ሳሎን ገቡ። ቡፌው የለም። ትሪ የሚያህለው ጥቁር ነገር፣ ግማሹ በሳሙና ገርጥቶ፣ ግድግዳው ላይ በግልጥ ተሰጥቷል። ጋሽ ኬብሮን ቆሙ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻጋታ ነው» አለች ኤልዳና።

ቃሉ በዚያ ቤት ተጠርቶ አያውቅም። አሽታቹ ወዲያው ነቃ። «ምን ተገኘ?»

«ኮሚቴ ነኝ። ቆይ» አሉ ጋሽ ኬብሮን። ቆየ።

ከኮታቸው ኪስ ቀዩን ፕላስተር አወጡ። ጫፉን በጥፍራቸው ፈለጉ። «እትዬ ኤልዳና» አሉ፣ ዓይናቸውን ከፕላስተሩ ሳያነሱ፣ «ልጄን ልድር ነበር የመጣሁት። ይህን ግድግዳ እንዳላየሁ ብሆን ደስ ባለኝ። ግን እህቴን አሽጌ እርስዎን ባልፍ ምን እባላለሁ?»

«ያሽጉ» አለች። «ብቻ ከማሸግዎ በፊት በሽተኛውን ይዳስሱት። ነርስ ነበርኩ፤ ሳይዳሰስ የሚታዘዝ መድኃኒት አልወድም።»

ጋሽ ኬብሮን ቅር እያላቸው የቀኝ እጃቸውን ጓንት አወለቁ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ።

ግድግዳው ትኩስ ነበር። ከወዲያ በኩል ውሃ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። ከዚያም የሴት ድምፅ ተነሳ፤ እሳቸው ከበርሜላቸው ውስጥ ሆነው የሚያንጎራጉሩትን ያንኑ የፍቅር ዘፈን፣ ከነስህተቱ፣ በኃይል ይዘፍነዋል። የሶልያና ድምፅ ነው። የባሕር ዛፍ ሽታ በግድግዳው ስንጥቅ አልፎ ሳሎኑ ውስጥ ገባ።

ናታን ጉንጩን እንደነፋ ቀላ፣ ቀላ፣ ከዚያ አልቻለም።

«ኳሷ መረብ ላይ አረፈች!» ብሎ ፈነዳ።

«አባዬ!» አለች ብራነሽ።

ጋሽ ኬብሮን የሰሙ አይመስሉም። እጃቸውን ከግድግዳው ላይ አላነሱም። ይቆጣሉ፣ ይክዳሉ፣ ሕጉን ያነብባሉ ብለው ሁሉም ሲጠብቁ፣ እሳቸው ጭራሽ ሁለተኛውን ጓንት አውልቀው የግራ እጃቸውንም ጨመሩ።

«እንዴት ይሞቃል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ እንደቆሙ ግድግዳውን እየታከኩ ወርደው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «አቦ...»

ይህን ቃል ከሳቸው አፍ የሰማ በሕንፃው ውስጥ የለም።

«ድሬዳዋ ነው የተወለድኩት» አሉ። «እናቴ ባልዲ ውሃ ጠዋት ግቢ ውስጥ ታስቀምጣለች። ከሰዓት በኋላ ስትነካው ትኩስ ነው፤ እሳት የለ፣ ምን የለ። እንደዚያ ታጥቤ ነው ያደግኩት። ለሥራ ብዬ እዚህ መጣሁ፤ ዝናቡ ገባ፣ በዚያው ቀረ። እኔም አጥንቴ እንደቀዘቀዘ ቀረ።» ጓንታቸውን በእጃቸው ጨመደዱት። «ሰውን ሁሉ ደረቅ ነህ ወይ እያልኩ ስጠይቅ እውላለሁ። እኔን ሞቀህ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።»

ኤልዳና ይህን አልጠበቀችም። ስትዘጋጅበት የሰነበተችው ክርክር ነበር። ከጎናቸው በርከክ ብላ እጇን ትከሻቸው ላይ አደረገች። «ጋሽ ኬብሮን፣ ሞቀዎት?» አለቻቸው። እንደ ቀልድ የጀመረችው ሲወጣ ቀልድ አልነበረም።

«አሁን ሞቆኛል» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ተነሱ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ፣ እንደገና ሰብሳቢ ሆኑ። «ሁለቱም ቤት ይታሸጋል። በእኔ እጀምራለሁ።»

በዚህ መሃል ሶልያና እጅጌዋን እንደሰበሰበች፣ ፊቷ በእንፋሎት እንደቀላ በሩ ላይ ደረሰች። «ማንን ነው የምታሽገው? ጸሎት ቤትህን?»

«ሶልያና፣ ሕግ ነው።»

«ካልሲውን ስታለብሰው ሕጉ የት ነበር?»

ጋሽ ኬብሮን ወደ ሥራቸው ዞሩ፤ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መመርመር ጀመሩ። «ትኩሳቱ የእኔ ነው። አልክድም» አሉ። «ግን ትኩሳት ብቻውን እንዲህ አያደርግም። እዚህ ቤት አየር የለም።» ዓይናቸው ከጣሪያው ሥር ያለው የአየር ማስወጫ ቀዳዳ ላይ አረፈ። ወንበር ጎትተው ወጡበት። ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። አንድ ቡናማ ጨርቅ ያዙና ሳቡ። ጨርቁ መጣ። አሁንም ሳቡ፤ አሁንም መጣ። የሱሪ እግር ሆነ። ቀጥሎ ሌላኛው እግር ወጣ። በመጨረሻ ከነቀበቶው ሙሉ ሱሪ እጃቸው ላይ ተንጠለጠለ፤ የተከፈተውም ቀዳዳ እፎይ እንዳለ ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣ።

«ይሄ የማን ሱሪ ነው?»

ሁሉም ወደ ናታን ዞሩ።

«ያፏጫል እኮ!» አለ ናታን። «ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ያፏጫል! የዳኛ ፊሽካ ነው የሚመስለው፤ በተኛሁበት ፍጹም ቅጣት ምት ያሰጥብኛል!»

«የጠፋው ሱሪህ?» አለች ኤልዳና። «ማድረቂያ ቤት ሰረቁኝ ያልከው? እኔ እኮ እስከ ብራነሽ መሥሪያ ቤት ድረስ ሄጄ ተጣልቼበታለሁ!»

ጋሽ ኬብሮን ወንበሩ ላይ እንደቆሙ ሱሪውን ከፍ አድርገው አዩት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ብራነሽ የሚያለቅሱ መስሏት ልትደግፋቸው ተጠጋች። እየሳቁ ነበር። ሲስቁ ያያቸው ሰው ስለሌለ ለመለየት ጊዜ ወሰደ።

«እንግዲህ ጥፋቱ የጋራ ነው» አሉ ሲወርዱ። «የማጽጃ ጊዜ የሚባል ነገር በሕጉ አለ። ባለቤቱ መነሻውን ካወቀና ካመነ፣ ኮሚቴው ከማሸጉ በፊት ጽዳቱን ይፈቅዳል። በሥራ ዘመኔ ተጠቅሜበት አላውቅም።» ወደ ጣሪያው ቀና አሉ። «አሽታች! የማጽጃ ጊዜ ተሰጥቷል።»

«ለመጀመሪያ ጊዜ ነው» አለ አሽታቹ።

«አውቃለሁ» አሉ ጋሽ ኬብሮን።

ዓርብንና ቅዳሜን ሁለቱ ቤተሰቦች አብረው ሠሩ። መጀመሪያ የበርሜሉ ውሃ ተደፋ። ያበጠው ልስን ተፍቆ ወጣ፤ ሥሩ በሳሙናና በብሩሽ ታጠበ፤ ማራገቢያው ከቀዳዳው ጋር እየተጋገዘ አደረቀው። የቡፌው ጀርባ ተጣለ። ቡፌው ሲመለስ ኤልዳና በራሷ ስንዝር እየለካች ከግድግዳው አራቀችው፤ አየር እንዲያልፍበት። ፀሐዩ አዲሱን ልስን ሲለስን፣ ብራነሽ አጠገቡ ሆና «ጠማማ ነው» ትለዋለች፤ ጠማማ አልነበረም። ናታን ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስተላለፈ፤ የከለከለውም አልነበረም፤ ቀዳዳው ትንፋሹን ያወጣለታል።

ቅዳሜ ከሰዓት ጋሽ ኬብሮን ኮሚቴያቸውን ሰብስበው ራሳቸውን ከሰሱ። ካልሲውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ሰብሳቢነታቸውን አስረከቡ። ከመቀመጣቸው በፊት ግን አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ በርሜሉ ሰገነት ላይ ቢወጣ፣ እንፋሎቱ ወደ ሰማይ ነው የሚሄደው፤ ሰማዩ ደግሞ ከዚህ በላይ አይረጥብም። የኮሚቴው አባላት ተያዩ። ከዚያ ከዳር የተቀመጠች አንዲት አባል እጇን አውጥታ «ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ብላ ጠየቀች። ከኋላ ያለው ደግሞ ፎጣ ከቤት ይምጣ ወይስ እዚያ ይኖራል አለ። ክሱ ሳይታይ ተረሳ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። በሩ ላይ በነፋስ ማሽን ደርቀው ገቡ። እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ፤ ቆመው ጠየቁ። ናታን የተዘጋጀበት ረጅም ንግግር ነበረው። ልጁን ሲያያት ግን «ሰጥተናል» ብቻ አለ። ኤልዳና ባሏ በአንድ ቃል የጨረሰው ነገር ይህ የመጀመሪያው መሆኑን አሰበችና ዓይኗ እርጥበት አበዛ።

ምርቃት ደረሰ። ወጣት ወጣቶቹ የዘመኑን መረቁ። «ቤታችሁ ደረቅ ይሁን» አሉ፤ «ከእርጥብ ይሰውራችሁ» አሉ፤ ሁሉም «አሜን» አለ። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አባባ ዳግማዊ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ተነሱ። ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል። የሚኖሩትም ከከተማ ርቀው ነው፤ እዚያ ኮሚቴ የለም። ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ። «ለምልሙ!»

ቤቱ ጸጥ አለ። የሚለመልመው ሻጋታ ብቻ ስለሆነ ይህ ቃል ከምርቃት ከወጣ ስንት ዘመኑ፤ ልጆች አፍ ላይ ሲገኝ ይቆነጠጡበታል። አንዱ ሽማግሌ በድንጋጤ ጣሪያውን አየ። ሌላው ያልሰማ መሰለ። ብራነሽ ከንፈሯን ነክሳ ፀሐዩን ላለማየት ታገለች።

«አሜን!» አለ አንድ ድምፅ ከጥግ። ጋሽ ኬብሮን ናቸው። ከሰገነቱ በርሜል ከወጡ ብዙም አልቆዩ፤ ጸጉራቸው ገና አልደረቀም። «አሜን» አሉ እንደገና፣ አሁን ቀና ብለው። ሶልያና ተከተለች፣ ኤልዳና ተከተለች፣ ከዚያ ናታን ባለ በሌለ ድምፁ አለው፤ ከዚያ ሁሉም።

አባባ ዳግማዊ ግን አልሰሙም። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ቤቱ አሁንም ዝም ያለ መሰላቸው። የዘመኑ ሰው ምርቃት መቀበል እንኳ እንደጠፋው ታዝበው፣ እጃቸውን ከበፊቱ ይልቅ ከፍ አድርገው ዘረጉና ጮኹ።

«ልምልም በሉ ነው የምላችሁ!»